የመፀው መድረክ፦ የአዲስ አበባ ቴአትርና የአምቦ መንገድ

መፀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የሦስት ወር ጊዜ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ወንዙ የሚጎድልበት፣ አዝመራው ከእሸት ወደ አጨዳ የሚሸጋገርበት ወቅት ነው። በኦሮምኛ ቢራ ይባላል፤ ከጨለማው ክረምት ወደ ብርሃን የመውጣት ጊዜ ተደርጎ ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦና ጉደር በዚህ ጊዜ መልካቸው ይለወጣል። በሐምሌና በነሐሴ እግር ይዞ አላስኬድ ያለው የጊንጪ ዋልካ ይደርቃል፤ መንገዱ ይለቃል፤ ገበያው ይሞላል።

ለመድረክ ጥበብም መፀው የመክፈቻ ጊዜ ነው። በዋዜማው ዘመን መለወጫው መስከረም 1 በእንቁጣጣሽ ይጀምራል። መስከረም 16 ደመራ፣ በማግስቱ መስቀል ይከተላል። ከዚያ ኢሬቻ ይመጣል፤ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ውኃ ዳር ወርዶ ክረምቱን በሰላም ላሳለፈው ፈጣሪ ምስጋና ያቀርባል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢሬቻ በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ፣ በማግስቱ ደግሞ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ይከበራል። እነዚህ በዓላት ሁሉ ዘፈን፣ ጭፈራ፣ አልባስና ተመልካች አላቸው። ከተማው አዳራሽ ሠርቶ ትኬት መሸጥ ከመጀመሩ በፊት የአገሩ ሕዝብ የመፀው መድረክ ሜዳውና ወንዝ ዳሩ ነበር።

ሌላው ዓለምም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ልማድ አለው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ያሉ ታላላቅ ቴአትርና ኦፔራ ቤቶች የሥራ ዓመታቸውን በመስከረም አካባቢ ከፍተው በሰኔ ገደማ ይዘጋሉ። እዚያ ምክንያቱ ቅዝቃዜው ነው፤ ከበጋ ዕረፍት የተመለሰው ከተሜ ረጅሙን ምሽት የሚያሳልፍበት ሞቃት አዳራሽ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ዝናቡ ስላቆመና ጭቃው ስለደረቀ ነው። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያ መፀው በመሐሉ የጾም ወሰን አለው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ሠርግና ጭፈራ ይቀንሳል፤ የዘፈኑ ድምቀት እስከ ገና ረገብ ይላል።

ከሆቴል አዳራሽ እስከ ሀገር ፍቅር

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ቴአትር ጅማሮ ተብሎ የሚጠቀሰው የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ቴአትር ምን እንደሆነ አይተው ያውቃሉ። ከላ ፎንቴን ተረቶች መነሻ ወስደው የጻፉት ተውኔት እንስሳትን እያናገረ የጊዜውን አስተዳደር ይነቅፍ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በአንድ ሆቴል ውስጥ በመኳንንት ፊት ታየ። ነቀፌታው የገባቸው ሰዎች አልወደዱትም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትር ታገደ። የኢትዮጵያ ቴአትር የመጀመሪያ ተውኔቱና የመጀመሪያ እገዳው በአንድ ላይ የመጡ ናቸው ማለት ይቻላል።

እገዳው ላልቶ ቴአትር የተመለሰው በትምህርት ቤት በኩል ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ለተማሪዎች ተውኔት ጻፉ፤ መዝሙርና ግጥም አስጠኑ። መድረኩ የክፍል አዳራሽ፣ ተዋናዩ ተማሪ፣ ተመልካቹ መኳንንትና ወላጅ ነበር።

ከትምህርት ቤት ወጥቶ ለሕዝብ የቆመው ተቋም የሀገር ፍቅር ማኅበር ነው። በመኮንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ተመሠረተ። ኢጣሊያ ለወረራ እየተዘጋጀች ስለነበር የማኅበሩ ዓላማ ሕዝቡን ለአገሩ ማነሣሣት ነበር። ንግግር ብቻውን ሕዝብ እንደማይሰበስብ ስለታወቀ ክራርና መሰንቆ ታከሉበት፤ ሰው ለዘፈኑ መጥቶ ንግግሩን ሰምቶ ይሄዳል። ማኅበሩ በወረራው ዘመን ተዘግቶ ከነጻነት በኋላ ዳግም ተከፈተ፤ በፒያሳ ቤት አግኝቶ ሀገር ፍቅር ቴአትር ሆነ። በአፍሪካ በአገሬው ሰዎች ከተቋቋሙ ነባር ቴአትር ቤቶች አንዱ ነው። ሙዚቃን፣ ውዝዋዜን፣ ቀልድንና ተውኔትን በአንድ ምሽት ማቅረብ የተለመደው በዚህ ቤት ነው፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ የበዓል ዝግጅቶች መልክ ሆኖ ቆይቷል።

በጥቅምት የተከፈተው ቤት

ብሔራዊ ቴአትር መፀው የወለደው ቤት ነው። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲኒማ ማርኮኒ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሥራው ቀጥሎ፣ ተስፋፍቶና ተለውጦ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በሚከበርበት በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ። ዘውዱ የተጫነው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ስለነበር የኢዮቤልዩ በዓሉም በጥቅምት ዋለ። የመክፈቻው ተውኔት የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሳዊው የንጉሥ ዳዊትና የኦርዮ ታሪክ ነው። ንጉሥ በተገኘበት ምረቃ ላይ የንጉሥን ኃጢአት የሚተርክ ተውኔት መቅረቡ ልብ የሚባል ነው።

ቤቱ ከአንድ ሺህ በላይ ተመልካች ይይዛል። ከፊት ለፊቱ የፈረንሳዊው ቀራፂ የሞሪስ ካልካ ትልቁ የድንጋይ አንበሳ ቆሟል። እሱም ለዚያው ለኢዮቤልዩ የተሠራ ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ሰው ቀጠሮ የሚሰጥበት ምልክት ሆኗል።

ጥቅምት 23 ለመድረክና ለትርኢት ሰዎች ሌላም ትዝታ አለው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው የዘውድ በዓሉን ቀን ጠብቆ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው። የሚሌኒየም አዳራሽም እንዲሁ የመስከረም ልጅ ነው፤ ኢትዮጵያ 2000 ዓ.ም.ን ስትቀበል ለዘመን መለወጫው ተሠራ። መንግሥታት በመፀው መዳረሻ መድረክ የሚከፍቱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘውዱም ዘመን መለወጫውም የሚውሉት ሕዝብ ከክረምት ወጥቶ ለመሰብሰብ በተዘጋጀበት ወቅት ነው።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት አንድ አዳራሽ ብቻ አልተከፈተም። የሙዚቃ ክፍል፣ የባህል ጭፈራ ክፍልና የተዋንያን ቡድን አብረው ተደራጁ። ለሙዚቃው ክፍል ብዙ የደከመው አርመናዊው ኔርሴስ ናልባንድያን ነው። የኢትዮጵያን ቅኝት ከነሐስ መሣሪያና ከመዘምራን ድምፅ ጋር ማስማማት አስተማረ፤ ከእጁ የወጡ ሙዚቀኞች የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዘመናዊ ሙዚቃ ተሸከሙ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ቤቱ ስሙን ለውጦ ብሔራዊ ቴአትር ተባለ፤ ክፍፍሉ ግን በመሠረቱ አልተለወጠም።

ሳምንታዊው ወረፋ

የአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች አሠራር ከአውሮፓው በአንድ ነገር ይለያል። እዚያ ብዙ ጊዜ አንድ ተውኔት ለተወሰነ ጊዜ በየምሽቱ ይታይና ለሌላው ቦታ ይለቃል። በአዲስ አበባ ግን አንድ ተውኔት በሳምንት የራሱ ቀን ይሰጠዋል። በአንድ መድረክ ላይ አንዱ ቀን የቤተሰብ ኮሜዲ፣ ሌላው ቀን ታሪካዊ ተውኔት፣ ሌላው ቀን የሙዚቃ ዝግጅት ሊሆን ይችላል። ተመልካች እስካለው ድረስ ተውኔቱ ከመድረክ አይወርድም። በብሔራዊ ቴአትር የታየው የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» ለብዙ ዓመታት ሰው ሲስብ የኖረው በዚህ አሠራር ነው።

ይህ ወረፋ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ወሬው እስኪዳረስ ጊዜ መስጠቱ ነው። ሰኞ ስለ ተውኔቱ የሰማ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ካልሆነም በሚቀጥለው ወር ያየዋል። ከአምቦ ወይም ከጊንጪ ለጉዳይ የመጣ ሰው ቀኑን ገጣጥሞ መግባት ይችላል። ተዋናዩም በሳምንት አንድ ቀን ስለሚጫወት በሌላው ቀን ፊልም ይሠራል፣ ሬዲዮ ድራማ ይቀርጻል፣ ያስተምራል። ጉዳቱ ደግሞ የመድረኩ ሰዎች ሥራ መብዛቱ ነው። ዲኮሩ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑ ይቆማል፤ መብራቱ ለእያንዳንዱ ተውኔት እንደ አዲስ ይስተካከላል። አንድ ተውኔት ለዓመታት ቀኑን ሲይዝ ደግሞ አዲስ ጸሐፊ ቦታ ያጣል።

አንድ ተውኔት ለመጋረጃ እስኪበቃ ብዙ እጅ ያልፋል። ጸሐፊው ጽሑፉን ለቴአትር ቤቱ ያቀርባል፤ ገምጋሚዎች ያነቡታል፤ ይታረም የተባለው ይታረማል። ካለፈ አዘጋጅ ይመደባል። አዘጋጁ ተዋንያንን ይመርጣል፤ መጀመሪያ በጠረጴዛ ዙሪያ ንባብ ይደረጋል፤ ከዚያ ልምምዱ ወደ መድረክ ይወጣል። ከዲኮር ሠሪው፣ ከልብስ ክፍሉ፣ ከገጽ ቅብ ባለሙያውና ከመብራትና ድምፅ ሰዎች ጋር ሥራው የሚገጥመው በመጨረሻው ልምምድ ነው። ክረምት ለልምምድ የሚመች ጊዜ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የተሠራው ሥራ ሰው ሲወጣ ይደርሳል። ገበሬው በሰኔ ዘርቶ በኅዳር እንደሚያጭደው፣ የመድረክ ሰውም ዝናቡን በልምምድ አሳልፎ ምርቱን በመፀው ያወጣል።

የቦዳው ልጅ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርን ከሥነ ሥርዓት አዳራሽነት አውጥተው የሐሳብ ቤት ካደረጉት ሰዎች መካከል የመጀመሪያው ስም ጸጋዬ ገብረ መድኅን ነው። ጸጋዬ በነሐሴ 1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ባለችው በቦዳ ተወለደ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር ሰው ነበሩ። ከብት ጠብቋል፤ ግዕዝ ቆጥሯል፤ ከዚያ ያኔ በይፋ ሀገረ ሕይወት ትባል ከነበረችው አምቦ ገብቶ ዘመናዊ ትምህርት ተምሯል። በቤት ኦሮምኛ፣ በቤተ ክህነት ግዕዝ፣ በትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ ያገኘ ልጅ ነው። ኋላ ተውኔቶቹ ውስጥ የሚሰማው የቃላት ክምችት ከዚህ የመጣ ነው።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት እንዲታይ በቃ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ ወደ አሜሪካ ሄዶ በቺካጎ ሕግ አጠና። ልቡ ግን ከመድረኩ አልተለየም። በዩኔስኮ የትምህርት ዕድል አውሮፓ ተሻግሮ በለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርና በፓሪስ ኮሜዲ ፍራንሴዝ የመድረክ ሥራ አየ። ሁለቱ ቤቶች ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ኮሜዲ ፍራንሴዝ በ1680 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተቋቋመ የነባር ሥርዓት ጠባቂ ነው፤ ሮያል ኮርት ደግሞ በዚያን ጊዜ የወጣት ቁጡ ጸሐፊዎች መሸሻ ነበር። ጸጋዬ ከአንዱ የግጥምን ክብር፣ ከሌላው የተርታውን ሰው እሮሮ ይዞ የተመለሰ ይመስላል።

በ1950ዎቹ ከአውሮፓ ሲመለስ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የጥበብ ኃላፊ ሆነ፤ አሥር ዓመት ያህል ሠራ። «የሾህ አክሊል» እና «የከርሞ ሰው» የከተማውን ድኻ፣ የገጠር መጤውንና የተማረውን ግራ ተጋቢ ወደ መድረክ አወጡ። ቀድሞ በመድረኩ ላይ የሚናገሩት ነገሥታትና ቅዱሳን ነበሩ፤ አሁን ሊስትሮውና ተላላኪው መናገር ጀመሩ። በሌላ በኩል የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት» እና «ማክቤዝ» ወደ አማርኛ መለሰ። ትርጉሞቹ ቃል በቃል አይደሉም፤ በአማርኛ ግጥም ሕግ እንደገና የተጻፉ ናቸው። በግጥሙም የራሱን ምት ፈጠረ። ስንኙ በስምንት በስምንት ቀለም እየተከፈለ ይሄዳል፤ የሥነ ግጥም መምህራን «የጸጋዬ ቤት» ይሉታል። ረጅም ሐሳብ ሳይቆረጥ እንዲሄድ ስለሚያስችል ለመድረክ ንግግር የተመቸ ነው።

የትውልድ አካባቢው ድምፅ ጎልቶ የሚሰማው በእንግሊዝኛ በጻፈውና በ1965 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታተመው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» ተውኔቱ ነው። ኦዳ በኦሮሞ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ የሚዳኝበትና የሚታረቅበት ዛፍ ነው። በተውኔቱ ሻንካ የተባለ ወጣት ኡኩቴን እንዲያገባ፣ የመጀመሪያ ልጃቸውም መሥዋዕት እንዲሆን የዛፉ ቃል ያዛል። ሻንካ ልጁን ላለመገበር ከሚስቱ ይርቃል፤ ኡኩቴ ግን ከጓደኛው ከጎኣ ታረግዛለች። የአባቶች ቃል፣ የሴት ልጅ ፈቃድና የውጭ ሐሳብ በአንድ ዛፍ ሥር ይጋጫሉ። ከአምቦ ዙሪያ የወጣ ጸሐፊ የአገሩን ሸንጎ ለዓለም መድረክ ያቀረበበት ሥራ ነው።

ጸጋዬ ገና 29 ዓመቱ ሳለ በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ። አብዮቱ ሲፈነዳ «ሀ ሁ በስድስት ወር» እና ከጀርመናዊው ጸሐፊ ከብሬሽት «እናት ኩራዥ» የተዛመደው «እናት ዓለም ጠኑ» በመድረክ ታዩ፤ የለውጡን ተስፋም ስጋትም የያዙ ነበሩ። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ደግሞ በሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተረሸኑትን የአቡነ ጴጥሮስን የመጨረሻ ጊዜ ይተርካል። ጸሐፊው የተወለደው ጳጳሱ ከተረሸኑ አንድ ወር ሳይሞላ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት እንዲጀመርም ከደከሙት አንዱ ነበር። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አርፎ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ሲዘመር የሚሰማው ግጥም መሠረቱ የእሱ ነው።

ቴአትር ቤቱ ወደ ወሊሶ ሲሄድ

የጸጋዬ መንገድ ከገጠር ወደ ከተማ ነበር። መንገዱ በሌላም አቅጣጫ ተሠርቶበታል። ሀገር ፍቅር በአዲስ አበባ ብቻ አልተወሰነም፤ ዘፋኞቹንና ተዋንያኑን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ይወርድ ነበር። በመኪና ላይ ከበሮና አልባስ ተጭኖ፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በሜዳ ላይ መድረክ ተዘጋጅቶ፣ በአንድ ቀን ትርኢት ከተማዋ የወር ወሬ ታገኛለች።

ከእነዚህ ጉዞዎች አንዱ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ወደምትገኘው ወሊሶ ነበር። በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ውብሸት ፍስሐ፣ ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ዝግጅት አቀረቡ። ከተማሪዎቹ መካከል በአያቱ ቤት የሚያድግ ጥላሁን ገሠሠ የሚባል ልጅ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ በአዲስ አበባ የተወለደ ነው። ሱዳናዊው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ቀድሞውንም ለዘፈኑ ያበረታታው ነበር፤ አያቱ ግን ትምህርቱን እንዲይዝ ይፈልጉ ነበር። ጥላሁን ኢዮኤልን ቀርቦ ዘፋኝ መሆን እንደሚሻ ነገረው፤ ኢዮኤልም ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ መምጣት እንዳለበት መለሰለት።

ልጁ ለአያቱ ሳይናገር በእግሩ ተነሣ። ቱሉ ቦሎ ደርሶ ከዘመድ ቤት ሲያድር ተይዞ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ቆየት ብሎ በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ ዳግም ሄደ፤ በዚህኛው አዲስ አበባ ገባ። ሀገር ፍቅር ተቀበለው፤ ከዚያ ወደ ክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል፣ በኋላም ወደ ብሔራዊ ቴአትር ተሻገረ። በአማርኛም በኦሮምኛም ዘፈነ። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ቆሞ ሸኘው።

በደርግ ዘመን ይህ ወደ ክፍለ ሀገር የመውረድ ልማድ ሌላ መልክ ያዘ። በየአውራጃውና በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ። ብዙው ሥራ የፖለቲካ ቅስቀሳ ነበር፤ ይሁን እንጂ መሣሪያና ልምምድ ያገኙ ወጣቶች በየከተማው ተፈጠሩ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አብዛኞቹ ቡድኖች ተበተኑ፤ ቋሚ ሳምንታዊ ተውኔት የሚያሳዩት ቤቶች በአብዛኛው በአዲስ አበባ ተሰባስበው ቀሩ።

ከአምቦ እስከ ሚሌኒየም አዳራሽ

አምቦ ከጸጋዬ በኋላም ለአዲስ አበባ መድረክ ሰው ሰጥታለች። ሃጫሉ ሁንዴሳ በ1978 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ ተወለደ፤ በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ ይዘፍን ነበር። በ17 ዓመቱ በፖለቲካ ተጠርጥሮ አምስት ዓመት ያህል በአምቦ ወኅኒ ቤት ታሰረ። የመጀመሪያውን አልበሙን ግጥሞች ያዘጋጀው በእስር ላይ ሳለ ነው፤ አልበሙ «ሰኚ ሞቲ» በሚል ርዕስ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ወጣ። ከዚያ «ማለን ጅራ» እና «ጅራ» የተባሉት ዘፈኖቹ ተከተሉ።

የሃጫሉ ሥራ ከጥንቱ ጌራርሳ ጋር ይዛመዳል። ጌራርሳ ጀግና የዋለበትን፣ የተበደለ በደሉን በዜማ የሚያወጣበት የኦሮሞ የአፍ ግጥም ነው። በአማርኛው ፉከራና ቀረርቶ አጠገብ የሚቀመጥ ቢሆንም ጌራርሳ የሐዘንና የስሞታ ስፍራም አለው። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ኦሮሞዎች እርዳታ ለማሰባሰብ በሚሌኒየም አዳራሽ በተካሄደው ዝግጅት ሃጫሉ ይህንኑ ድምፅ በባለሥልጣናት ፊት አሰማ። በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አገር ሁሉ ተመለከተው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ፤ በትውልድ ከተማው በአምቦ ተቀበረ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ጸጋዬና ሃጫሉ በቋንቋ፣ በዘመንና በሥራ ዓይነት ይለያያሉ። አንዱ ከሼክስፒር ጋር ተወዳድሯል፤ ሌላው ጌራርሳን በዘመናዊ መሣሪያ አጅቧል። ሁለቱም ግን ከአምቦ ዙሪያ ሜዳ ከብት ጠባቂነት ተነሥተው ትልቁ ከተማ ባለው ትልቅ መድረክ ላይ የአገራቸውን ሰው ድምፅ አሰምተዋል። ሁለቱም ለሥልጣን ፊት ለፊት መናገርን የመድረክ ሥራ አድርገውታል።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ እስከ አምቦ ያለው ርቀት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጉደር ከአምቦ አለፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ መንገድ የአምቦ ውኃ ከ1920ዎቹ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ከብቱና ቅቤው እንዲሁ ወደ ከተማ ይሄዳል። ዘፋኙና ባለቅኔውም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። ከከተማ ወደ ገጠር የሚመጣው የመድረክ ሥራ ግን ጥቂት ነው፤ ተውኔቱ በብዛት የሚደርሰው በቴሌቪዥንና በስልክ ነው።

ይህን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ነገር ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ተማሪ የሞላው አምቦ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ከ1930ዎቹ መጨረሻ የግብርና ትምህርት ቤት ተነሥቶ በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነ ተቋም ነው። በየከተማው የትምህርት ቤትና የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ አለ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ በመፀው ደግሞ ደረቅ ነው፤ ገበሬው ወደ አጨዳ ከመግባቱ በፊት ጥቂት የዕረፍት ሳምንታት አሉ። በሳምንት አንድ ቀን የሚታይ ተውኔት ስድስት ቀን ያርፋል። ከስድስቱ አንዱ ለጊንጪ ወይም ለአምቦ ቢሰጥ ወጪው የጭነት መኪናና የአንድ ቀን አበል ነው።

የኢትዮጵያ ቴአትር ቤቶች ታሪክ እንዲህ ያለው ጉዞ ምን እንደሚያስገኝ መዝግቦ አስቀምጧል። ጥላሁን ገሠሠ ወደ ሀገር ፍቅር የሄደው ሀገር ፍቅር ወደ ወሊሶ ከሄደ በኋላ ነው።